እርጅና ነው ወይስ አረቄው? በዕድሜ የገፉ ወላጆቻችንና መጠጥ

የደብረ ብርሃኗ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት።

አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በተለይ እናታችን ካረፈች ወዲህ፣ አረቄ አዘወተሩ። ድሮም ይጠጡ ነበር፤ ግን በበዓልና በማኅበር፣ ከሰው ጋር ነበር። አሁን ጠዋት ነው የሚጀምሩት፣ ያውም ብቻቸውን። ሰክረው መንገድ ላይ ወድቀው ወይም ሰው ተሳድበው አያውቁም። ለዚህም ነው ጎረቤቱም ዘመዱም «ችግር አለ» የማይለው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ጠዋት ቡና ሲቀርብላቸው ሲኒ ማንሳት አቅቷቸዋል። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቡናው ሱሪያቸው ላይ ይፈሳል። አሁን በትልቅ ኩባያ፣ እሱም ግማሽ ድረስ ብቻ ተቀድቶላቸው፣ በሁለት እጅ ይዘው ነው የሚጠጡት። አንድ መለኪያ አረቄ ከቀመሱ በኋላ ግን እጃቸው ቀጥ ይላል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ። የነገርኳቸውን ይረሳሉ። ምግብ ከነጭራሹ ጠሉ። እግሬን ያቃጥለኛል ይላሉ። ክሊኒክ ወስደናቸው የጨጓራና የግፊት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ለሌላው «እርጅና ነው» ተባልን። ይጠጣሉ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም።

አሁን ወንድሞቼ አንድ ሐሳብ ይዘዋል። ቤት ያለውን አረቄ ሁሉ እንድፋ፣ ከቤት እንዳይወጡ እናድርግ፣ ከዚያ ጸበል እንውሰዳቸው ይላሉ። ይህ ልክ ነው? በዚህ ዕድሜስ የሚታከም ነገር ነው?

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ነርስ ነኝ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። ሌላውን ሁሉ ከማንሳቴ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። አረቄውን ዛሬ አትድፉት።

በየቀኑ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ሲቀምስ የሚረጋጋ ሰው ሰውነቱ አልኮሉን ለምዶታል ማለት ነው። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። አንጎል ደግሞ ያንን ድንዛዜ ለመቋቋም ለዓመታት ራሱን ሲያነቃ ይከርማል። አልኮሉ በአንድ ቀን ሲቀር ልጓሙ እንደተበጠሰ ፈረስ ይሆናል።

ከመጨረሻው መለኪያ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። እንቅልፍ የለም። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ዋናው አደጋ ግን ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው። ሰውየው ቀንና ሌሊቱ ይምታታበታል። የሌለ ሰው ያናግራል፣ ግድግዳ ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ይጮኻል፣ ትኩሳት ይይዘዋል። ሐኪሞች ዴሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ካልታከመ ይገድላል። ልቡና ሳንባው በዕድሜ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ይከፋል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ገልብጬ አይደለም። ልጆች አባታቸውን ጸበል ቦታ ያስገባሉ። የመጀመሪያው ቀን ደህና ነው። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው መጮህና ከማይታይ ሰው ጋር መታገል ሲጀምሩ «ሰይጣኑ ጮኸ፣ ሊለቃቸው ነው» ይባላል። ዘመድ ተስፋ ያደርጋል። እኛ ጋ ሲደርሱ ጋቢያቸው በላብ ረጥቦ፣ ልባቸው በደቂቃ ከ120 በላይ እየመታ፣ ልጃቸውን እንኳ ሳያውቁ ነው። ዘመዶቻቸው ያደረጉት ከፍቅር ነው። የነገራቸው ስለሌለ ነው እንጂ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። እስከዚያ የለመዱትን በድንገት አትከልክሏቸው፤ ግን አትጨምሩላቸው። መንፈራገጥ፣ ትኩሳት፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም ደጋግሞ ማስመለስ ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ነገ አይባልም።

ታላቅ ወንድም

ነርሷ የተናገሩትን አከብራለሁ። ግን ጸበልን እንዲህ አሳንሶ ማየት ልክ አይመስለኝም። አጎቴ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተጠምቆ ነው መጠጥ የተወው። እስኪያርፍ ድረስ አልቀመሰም። ሆስፒታል ቢሄድ ኖሮ ማን ያንን ያህል ጊዜ አብሮት ይቀመጥ ነበር? ሐኪም አምስት ደቂቃ አይቶህ ወረቀት ጽፎ ይሸኝሃል።

የሌሊት ተረኛ

ወንድሜ፣ ጸበልን አላሳነስኩም፤ እኔም እጠመቃለሁ። የአጎትዎ መዳን ደስ ይላል። ያልኩት ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰውነታቸው ከአልኮሉ በሐኪም እጅ ይላቀቅ። እሱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት ገደማ አያልፍም። ከዚያ በኋላ ጸበሉም፣ ጸሎቱም፣ የንስሐ አባታቸው ምክርም ቦታ አለው። እውነት ለመናገር ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ጊዜ ላይ እኛ ሐኪም ቤት ከምንሰጠው ይልቅ እናንተ የምትሰጡት ይበልጣል። አብሮ መቀመጥ ስላሉት ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ጸበል ቦታ ላይ ያሉ አባቶችም ይህንን ቢያውቁት ብዙ ነፍስ ይተርፋል። የቤተሰቡን ሐኪም ጠይቁ፣ መድኃኒቱንም አታስጥሉ የሚሉ አባቶች አሉ። እነሱን ያገኘ እድለኛ ነው።

ፋርማሲ ውስጥ

እኔ የምጨምረው ስለ መድኃኒት ነው። ይህ ጉዳይ ከታሰበው በላይ ይከብዳል።

በዕድሜ የገፋ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ ይቀንሳል፣ ስቡ ይበዛል። አልኮል የሚሰራጨው በውኃው ውስጥ ስለሆነ በ40 ዓመቱ ምንም ያላደረገው አንድ መለኪያ በ70 ዓመቱ ደሙ ውስጥ ጠንክሮ ይገኛል። ጉበቱም ቀርፋፋ ሆኗል። ስለዚህ «ድሮም ይሄንኑ ነው የምጠጣው» የሚሉ አባት እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የተለወጠው ብርጭቆው ሳይሆን ሰውነታቸው ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ አብዛኞቹ በየቀኑ ኪኒን ይውጣሉ። የስኳር መድኃኒት፣ በተለይ ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን፣ ምግብ ሳይበሉ ከአረቄ ጋር ሲገጥም ስኳራቸውን አደገኛ ደረጃ ድረስ ይጥለዋል። ሰው «ሰከሩ» ብሎ ይተዋቸዋል፤ እሳቸው ግን ስኳር ወርዶባቸው ራሳቸውን እየሳቱ ነው። ሜትፎርሚንም ከብዙ መጠጥ ጋር አይሆንም። የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲነሱ ያዞራል፣ ይጥላል። ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ጨጓራን ያደማሉ። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደም መፍሰስ አደጋው ይጨምራል። ፓራሲታሞል ራሱ በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ጉበት ቀላል አይደለም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ለእንቅልፍ እየተባለ የሚወሰደው ዳያዜፓም፣ አሚትሪፕቲሊንና ለሕመም የሚሰጠው ትራማዶል ነው። እነዚህ ከአረቄ ጋር ሆነው ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ። ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ሲታዘዝም ሐኪሙ አልኮል ክልክል ነው የሚለው በምክንያት ነው።

መጠኑን ለማወቅ ያህል ላስላላችሁ። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። 40 በመቶ የሆነ አረቄ 50 ሚሊ ሊትር መለኪያ 16 ግራም ገደማ ይሆናል። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ጠጅ፣ ጠጁ 10 በመቶ ከሆነ፣ 20 ግራም ነው። ጠላም ቀላል ነው አትበሉ፤ 4 በመቶ ከሆነ አንድ ሊትሩ ከ30 ግራም ይበልጣል። የቤት መጠጥ ላይ ደግሞ የአልኮሉ መጠን አልተጻፈም። ዳግም አረቄ ከ40 በመቶም ሊያልፍ ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ አልኮልን የሚያጠናው የመንግሥት ተቋም ጤናማ ለሆነና መድኃኒት ለማይወስድ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው ሲመክር የኖረው በሳምንት ከ7 መጠጥ እንዳይበልጥ ነው። አንዱ መጠጥ 14 ግራም ነው። አባትሽ በቀን ስንት መለኪያ እንደሚወስዱ አንቺ ታውቂያለሽ። እሳቸው ደግሞ መድኃኒትም ይወስዳሉ።

ዝም ብዬ አንባቢ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ግን ልክ አይመስለኝም። ሰው 70 ዓመት ኖሮ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ሚስቱን ቀብሮ፣ የቀረችው አንዲት ደስታው መለኪያዋ ብትሆን ምናለ? ተዉአቸው፣ በሰላም ይኑሩ።

የውስጥ ደዌ

ወዳጄ፣ ይህን ሐሳብ ብዙ ቤተሰብ ይዞት ነው የሚመጣው። ከክፋት የሚመጣም አይደለም። ግን አንዴ የሴትዮዋን ጽሑፍ መልሰህ አንብብ። ሲኒ ማንሳት ያልቻሉ፣ ሌሊት የሚወድቁ፣ ምግብ የጠሉ ሰው ናቸው። ይህ ደስታ ነው? እነዚህ ሰዎች ጠዋት የሚጠጡት እንዲጣፍጣቸው አይደለም፤ መንቀጥቀጡ እንዲቆምላቸው ነው።

«ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ምን ይቀራቸዋል» የሚለውንም አልቀበልም። እኔ የማክመው ተጨማሪ 20 ዓመት እንዲኖሩ ብዬ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት ራሳቸው ሄደው እንዲመለሱ ነው። የልጅ ልጃቸውን ስም እንዳይረሱ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ እንዳይቀሩ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ እህቴ። ይታከማል ወይ? አዎ፣ ይታከማል። በስተርጅና በመጠጥ ከሚቸገሩት ከሦስቱ አንዱ ገደማ መጠጡ የጠናባቸው ዘግይቶ ነው። ከጡረታ፣ ከሐዘን፣ ከብቸኝነት በኋላ ማለት ነው። አባትሽ እንደዚያ ይመስላሉ። እነዚህ ሰዎች ለሕክምና ጥሩ ምላሽ ይሰጣሉ። በአጠቃላይም በዕድሜ የገፉ ታካሚዎች ከወጣቶቹ አያንሱም፤ ብዙ ጊዜ ይሻላሉ፤ ቀጠሮ ያከብራሉ፣ የጀመሩትን ይጨርሳሉ።

ችግሩ የምናውቀው ዘግይተን መሆኑ ነው። ወጣት ሲሰክር ከሥራ ይባረራል፣ ይጋጫል፣ ይታሰራል፤ ሁሉም ያያል። ጡረተኛ ግን የሚባረርበት ሥራ የለውም። ምልክቱ የሚመጣው ሌላ በሽታ መስሎ ነው። መውደቅ፣ መርሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አልወርድ ያለ ግፊት፣ የማይድን ጨጓራ፣ የሚያቃጥል እግር፣ መነጫነጭ፣ ሽንት ማምለጥ። ሁሉም ለእርጅና ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ «እርጅና ነው» ተብሎ ሲያልፍ አይገርመኝም፤ ያሳዝነኛል።

ለመለየት የሚረዱ ጥያቄዎች አሉ። ኬጅ የሚባሉት 4 ናቸው። መቀነስ አለብኝ ብለው አስበው ያውቃሉ? ሰው ስለ መጠጥዎ ሲናገር ተናደው ያውቃሉ? በመጠጣትዎ ጸጸት ይሰማዎታል? ጠዋት እንደተነሱ ሰውነትዎን ለማረጋጋት ጠጥተው ያውቃሉ? ሁለቱ አዎ ከሆኑ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኦዲት የሚባል 10 ጥያቄ ያለውም አለ። እኔ ግን ለሽማግሌና ለአሮጊት የምወደው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ዕድሜ ብለው ያዘጋጁትን ነው። ስለ ጠብና ስለ ፖሊስ አይጠይቅም። ከጠጡ በኋላ ምግብ ይዘላሉ ወይ ይላል። መጠጡ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ይቀንስልዎታል ወይ? ሰው ሞቶብዎ ወይም የሆነ ነገር አጥተው ከዚያ በኋላ መጠጥ ጨምረዋል? ብቸኝነት ሲሰማዎት መጠጡ ይረዳዎታል? አጭሩ 10 ጥያቄ ነው፤ ከሁለት ጀምሮ አዎ የሚል መልስ ችግር እንዳለ ይጠቁማል። የአባትሽን ነገር ከጻፍሽው ብቻ ሦስቱ ተመልሰዋል።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ የሚጠበቀው ይህ ነው። የጉበት፣ የኩላሊት፣ የደምና የስኳር ምርመራ ይደረጋል። ደጋግመው ስለሚወድቁ የራስ ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል። ይህን ችላ እንዳትዪ። የሚጠጣ ሽማግሌ ጭንቅላቱን መትቶ ምንም ሳይመስለው ቆይቶ፣ ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መካከል የተጠራቀመ ደም ያደናግረዋል። እንደ መርሳት ወይም እንደ ስካር ነው የሚመስለው። በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ከታወቀ።

ከዚያ አልኮሉን የማስለቀቂያው ሕክምና ነው። በዚህ ዕድሜ ተኝቶ መታከም ይመረጣል። መንቀጥቀጡንና መንፈራገጡን ለመከላከል ከዳያዜፓም ቤተሰብ የሆነ መድኃኒት ይሰጣል፤ በሽማግሌና ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ ቶሎ ከሰውነት የሚወጣውን ሎራዜፓምን እንመርጣለን። በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ከፋርማሲ ገዝታችሁ ቤት የምትሰጡት ነገር አይደለም።

ሌላው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ነው። አረቄ እየጠጣ የማይበላ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል። ሲያልቅ ግራ መጋባት፣ እየተንገዳገዱ መሄድና የዓይን እንቅስቃሴ መዛባት ይመጣል። ቶሎ በመርፌ ካልተተካ መርሳቱ በቋሚነት ሊቀር ይችላል። ልብ በይ፣ ደከሙ ተብሎ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 መሰጠት አለበት። ግሉኮሱ ቀድሞ ከገባ የቀረችውን ጥቂት ቢ1 ጨርሶ ነገሩን ሊያባብሰው ይችላል። ሰፈር ውስጥ ግሉኮስ የሚያሰቅሉ ሁሉ ይህን ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ፍላጎቱን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ። ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት ይባላሉ። የመጀመሪያው እንደ ትራማዶል ያለ መድኃኒት ለሚወስድ አይሆንም፤ ሁለተኛው ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ይስተካከላል ወይም ይቀራል። ሲጠጡ የሚያሳምመውን ዳይሰልፊራምን ለሽማግሌ ብዙም አልመክርም፤ ልብ ላይ ይከብዳል። ሳይነግሩ ምግብ ውስጥ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት። ይህንን የውይይት ክር ሳነብ እንባዬ መጣ። የእናቴ ነገር ነው።

እናቴን ልጆቼን እንድታይልኝ ብዬ ነው ያመጣኋት። ልጆቹ አደጉ፣ ትምህርት ቤት ይውላሉ። እኔና ባለቤቴ ሁለት ሁለት ሥራ ነን። ሰፈራችን ያለ መኪና የትም አይኬድበትም። አገር ቤት በሩ ሲከፈት ጎረቤት የሚገባላት ሴት፣ እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ ከቴሌቪዥን ጋር ትውላለች። ወይን መጠጣት የጀመረችው እንቅልፍ እንቢ ሲላት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ከነጠላዎቿ ሥር ጠርሙስ አገኘሁ።

ሐኪሟ ጋ ስንሄድ የ12 ዓመት ልጄ ነበረች የምታስተረጉምላት። «አልኮል ትጠጫለሽ ወይ?» ሲባል የልጅ ልጇ ፊት ምን ትበል? «በጭራሽ» አለች። በቀጣዩ ቀጠሮ ባለሙያ አስተርጓሚ በስልክ እንዲገባ ጠየቅኩ፣ እኔም ከክፍሉ ወጣሁ። ሁሉንም ተናገረች። ብቻዬን ስሆን ነው ብላ አለቀሰች አሉኝ።

እዚህ አገር ላላችሁ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሜዲኬር፣ ማለትም ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ያላቸው ወላጆች ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የመጠጥ ምርመራ ይሸፈንላቸዋል፤ ችግር ከተገኘም በዓመት እስከ 4 አጭር የምክር ቀጠሮ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም። እናቴን ከሁሉ በላይ የረዳት ግን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ሰው መገኘቱ ነው። አንዲት ጎረቤት እሑድ እሑድ ትወስዳታለች። ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ከአገሯ ሴቶች ጋር ቡና ይጠጣሉ።

ከመርካቶ

ሚስጥር ነው የምነግራችሁ። አባቴን ለዳሌ ስብራት ሆስፒታል አስገባነው። በሦስተኛው ቀን አበደ ብለን ነበር። ማደንዘዣው ነው፣ ዕድሜ ነው እያልን ቆየን። ኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ጠጋ ብሎ «ጋሼ ይጠጡ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ያኔ ነው የገባን። እኛ ገመናችን እንዳይወጣ ብለን ስንገባ አልተናገርንም ነበር።

የውስጥ ደዌ

ይህን ስላካፈልክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህ በየዎርዱ የሚያጋጥም ነው። ማንም ሰው ወላጁን ለየትኛውም ሕመም አልጋ ሲያስይዝ፣ ለቀዶ ሕክምናም ሆነ ለሳንባ ምች፣ በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር። ሰው ፊት ማለት ከከበዳችሁ ለብቻው ጥሩት። የመጨረሻውን የጠጡበትን ሰዓትም ንገሩ። እኛ ስድብ አንጽፍም፤ መድኃኒት ነው የምናዘጋጀው።

የደብረ ብርሃኗ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከወንድሞቼ ጋር ተቀምጠን ይህን ክር አብረን አነበብነው። ታላቅየው በመጀመሪያ ተቆጣ፤ የሦስተኛውን ቀን ነገር ሲያነብ ግን ዝም አለ። አባዬን ያናገርኳቸው ጠዋት፣ ገና ሳይቀምሱ፣ እኔና እሳቸው ብቻ ሆነን ነው። «ሰካራም ሆንክ» የሚመስል ነገር ከአፌ አልወጣም። «አባዬ፣ እጅዎ አሳሰበኝ፣ ቡና እንኳ እንደ ልብዎ መጠጣት አልቻሉም» ነው ያልኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆይተው «እኔንም ያሳፍረኛል» አሉ። ሰው ቤት ሄደው ቡና እንደማይጠጡ ያኔ ነገሩኝ። እድር ስብሰባ የቀሩትም ለዚህ ነው።

ሆስፒታል ገብተው ታከሙ። ቢ1 በመርፌ ተሰጣቸው። ሁለተኛው ሌሊት ትንሽ ተደናግጠው ነበር፤ ግን ሐኪሞቹ አጠገባቸው ስለነበሩ አለፈ። አሁን ቤት ናቸው። እንጀራ ይበላሉ። ሲኒ ያነሳሉ። መርሳቱ ቀንሷል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። እግራቸው አሁንም ያቃጥላቸዋል፤ ነርቭ ቀስ እያለ ነው የሚያገግመው ተብለናል። አንድ ተዝካር ላይ ደግሞ ቀምሰው መጡ። ወንድሜ «በቃ፣ ከንቱ ድካም» ብሎ ነበር። ሐኪማቸው ግን አንዴ ወደ ኋላ መመለስ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፣ ቀጠሮውን እናቅርበው አሉን። አቀረብነው።

አሁን የሚያስቸግረን ሰው ነው። ለቅሶ ቤት ሄደው «አልጠጣም» ሲሉ «እንዴ ጋሼ፣ ታመሙ እንዴ?» እያለ የሚያስገድደው ብዙ ነው። እባካችሁ ይህን ለሚያነብ ሁሉ፣ ሽማግሌ አልጠጣም ካለ ሁለተኛ አትለምኑት።

ታላቅ ወንድም

ይህን ማየቴ አስደሰተኝ እህቴ። በእኛ ማኅበር ላይ ጠላ ለማይጠጣ ሰው ቀሪቦ ማቅረብ ጀምረናል። ቀላል ነገር ነው፤ ሰውን ከጭቅጭቅ ያድናል።

ሕጉም እኮ ለወጣቱ ነው የሚያስበው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውርዷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥም ከልክሏል። ጥሩ ነው። የ70 ዓመቱን ሰው ግን የሚጠብቀው ሕግ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው።

የጠላ ቤት ልጅ

እኔም ልጠይቅ። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ያሳደገችን ጠላ ጠምቃ፣ አረቄ አውጥታ ነው። ሥራዋ ስለሆነ ስትቀምስ ትውላለች። «ለጨጓራዬ ነው»፣ «ለብርድ ነው» ትላለች። ሴት ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም። ሰሞኑን ስትንገዳገድ አያታለሁ፤ ሰውነቷም በማይታወቅ ምክንያት በልዟል። ሥራውን ተይ ብላት በምን እንኑር ትለኛለች። እውነቷን ነው። ከየት ልጀምር? የምንኖረው አዲስ አበባ ነው።

የሌሊት ተረኛ

እህቴ፣ ከሥራው አትጀምሪ። ከጤናዋ ጀምሪ። የሴት ሰውነት በአልኮል ከወንድ ይልቅ ይጎዳል፤ በትንሹ ነው የሚጎዳውም። ስለ ሥራው የሚወራው ጊዜ ይመጣል፤ ያኔም ቀማሹ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ወይም አረቄው ቀርቶ እንጀራና በርበሬ ሊሆን ይችላል። እሱን እሷ ናት የምትወስነው።

የጤና መድን ካላችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍላችሁ። በብዙ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አለ፤ እሱን ብለሽ ጠይቂ። ነገሩ ከጠና አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። አማኑኤል ሲባል እንዳትደነግጥ አስቀድመሽ አስረጃት፤ የሚሄደው ያበደ ሰው ብቻ አይደለም። መበለዟንና መንገዳገዷን ለሐኪሙ ሳትረሺ ንገሪ፤ ደሟ፣ ጉበቷና ጭንቅላቷ መታየት አለበት። የምትወስደውን ኪኒን ሁሉ፣ ከሰው ተቀብላ የምትውጠውንም ጭምር፣ በፌስታል ሰብስበሽ ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ነገር ጨምሪ። የምትቀምስበትን ጣሳና መለኪያም ይዘሽ ሂጂ። «ሁለት ጣሳ» ስትል ሐኪሙ በዓይኑ ካላየው ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አይችልም፤ ጣሳ ሁሉ አንድ አይደለም። በጠዋት፣ ቢሮው ሳይጨናነቅ ብትደርሱ ደግሞ በደንብ ያዳምጧችኋል።